ሰባት ደረጃ

ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ አረንጓዴው ንጣፍ አልቆ ነጩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሰባት ደረጃዎች አሉ። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ የሠራቸውን ሰው ይረግማል። እርግማኑ ለማን እንደሚገባ የምታውቀው ግን አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ሃያ ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ኖራለች።

አረንጓዴው የአሮጌው መስመር ነው፤ አያቶች የቆፈሩት። ነጩ የአዲሱ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘውን መተላለፊያ እንድትነድፍ ሲሰጣት ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንድም ደረጃ እንዳይኖረው ለራሷ ማለች። እናቷን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ከአሮጌው መስመር ወርደው በአዲሱ ወደ ሐኪም ሲሄዱ፣ የሳሎናቸውን ወለል እንደሚረግጡ ሁሉ ዘና ብለው እንዲሻገሩ ነበር ምኞቷ።

የሥራውን ልክ የሚወስደውን ቀያሽ ያገኘችው ለመተላለፊያው በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ስትሟገተው ዋለች፤ በማግስቱ «ሚሊሜትር» የሚል ስም አወጣላት። ውሎ አድሮም «ሚሊ» ሆነች። ሰውዬው ለወሬ ቁጥብ ነው፤ እርሳስ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው። ንድፉን የምታርምበትን ቅጂ ሲመልስላት ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ሳይጽፍ አይቀርም፤ አንዳንዴ የግድግዳ ልክ፣ አንዳንዴ «ቢጫው ሹራብ አምሮብሻል»። እሷም ከልኩ ይልቅ ሹራቡን ነበር ደጋግማ የምታነበው።

አንድ እሑድ ቤተሰቧን ሊተዋወቅ ተቀጠረ። እናቷ አዲስ መጋረጃ ሰቀሉ፤ አባቷ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ወለወሉ። ቀያሹ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ቅጂውን ጠረጴዛዋ ላይ አገኘችው። ይቅርታ እንዲህ በወረቀት ነው እንዴ የሚጠየቀው ብላ ሳታነበው ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ንጹሑን ንድፍም ፈርማ ለግንበኞቹ ላከች።

ሦስት ሳምንት ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። በመጨረሻ እሱ ወደ መስመሩ ሌላ ጫፍ ሊዛወር ሲል መጣ።

«ሚሊ፣ የጻፍኩልሽን አይተሽዋል?» አላት።

«አይቼዋለሁ» አለች።

አላነበብኩትም ማለት አሳፍሯት ነው። ደግሞስ ከይቅርታ ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል? ታረቁ። ጣቢያው እንደተመረቀ ሊጋቡም ተስማሙ።

ከስድስት ወር በኋላ ግንበኞቹ መተላለፊያውን እያነጠፉ አሮጌው ግድግዳ ዘንድ ደረሱ። ሲያፈርሱት የወዲያኛው ወለል ወገባቸው ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። መስመሩ የሚከፈትበት ቀን ተቆርጧል፤ ለማስተካከል ጊዜ የለም። ሰባት ደረጃ ተገነባና አጣሪ ተጠራ።

በምርመራው ጠዋት ጥቅሉን ከመሳቢያ አውጥታ ዘረጋችው። «የድሮዎቹ ከፍታ የለኩት ከወንዙ ተነስተው ነው፤ እኛ ከባሕር ጠለል» ይላል የእርሳሱ ጽሑፍ። «አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ይለያያል። እሑድን ይህንኑ ስለካ ዋልኩ፤ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሳንነጋገር ንድፉን እንዳትልኪው።»

አጣሪው እሷንና ቀያሹን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልዩነቱን ለነዳፊዋ ነግሯት እንደሆነ ቀያሹን ጠየቀው። ቀያሹ ዞሮ አያት፤ ብዙ አያት።

«አልነገርኳትም» አለ።

እሷ አቀረቀረች። ከሥራ እባረራለሁ፣ አባቴን ምን እላቸዋለሁ ስትል ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። እሱ ከሥራ ተሰናበተ። ስለሚወደኝ ከለለኝ ብላ ልታመሰግነው ቤቱ ድረስ ብትሄድ፣ በሩን ሳይከፍትላት ቀረ። ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ግን ነቀዘ። እናቷ ያን ደረጃ በወጡ ቁጥር ክንዷን ጨብጠው፣ «ይህን የለካ ሰው፣ እግዜር ይይለት» ይሏታል። እሷ ትደግፋቸዋለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። ኋላ ደረጃው ጭራሽ አቃታቸው፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱንም ተዉት።

ዘንድሮ ሰባቱ ደረጃዎች ተነስተው ለጥ ያለ ተዳፋት እንዲሠራ ተወሰነና ንድፉ ለእሷ ተሰጠ። የአሮጌውን መስመር ልኬት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ፣ የተገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፤ እርሳሱ ግን ዛሬም ጆሮው ላይ ነው። የሜትሩን ጫፍ አስያዛትና ለኩ። ያው ነው፣ አንድ ሜትር ከአምስት።

«ጽፈህልኝ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ። ማንበብሽንም አውቃለሁ። ያን ቀን ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ‹አልነገርኳትም› አልክ?»

ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«‹ነግሮኛል› ትያለሽ ብዬ ነው» አለ። «ካባረሩን አብረን እንባረራለን፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም ብዬ። አጣሪው ወረቀቱን ሰብስቦ እስኪነሳ ድረስ ጠበቅኩሽ።»

ባለቤቱ ወዲያኛው መስመር ላይ እየጠበቀችው እንደሆነ ነገራትና ተሰናብቷት ደረጃውን ወጣ። ስትቆጥርለት ቆየች። ሃያ ዓመት ያዳናት ይመስላት የነበረው ዝምታ እሱን እንዳሳጣት ያኔ ገባት፤ ከልቧ ከፋት።

ቢሮዋ ተመልሳ አዲሱን ንድፍ ዘረጋች። ጠርዙ ላይ፣ «የከፍታውን ልዩነት ቀያሹ አስቀድሞ ጽፎልኝ ነበር፤ ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አውቄም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። አሮጌውን ቅጂ አያይዛ ለመሥሪያ ቤቱ ላከችው። በእርሳስ አልጻፈችውም።