ነጩ ድንጋይ ከየት መጣ

የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ነበር። ዓዲላ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ገባች፤ መሀል ላይ ስትደርስ ውሃው ከእግሯ ስር አሸዋውን ጠረገውና ወደቀች። መንገድ መሪዋ ሙሀመድኑር እጇን ይዞ ጎትቶ ዳር አወጣት።

«ቦርሳውን ልቀቂው ስልሽ አትለቂም?»

«ድንጋዩ አለበታ።»

ዓዲላ የሥነ ምድር ባለሙያ ናት። ድንጋዩን ያገኘችው ከጨፋ ሮቢት በላይ፣ ደረቅ ጅረት ውስጥ ነው። ሲያዩት ተራ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ሲያነሱት ግን ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ዱቄቱን እሳት ላይ ስትነሰንሰው ነበልባሉ ቀይ ሆነ። ላቦራቶሪው ሞንተብራሳይት ነው አላት፤ እምብዛም የማይገኝ፣ ለባትሪ የሚፈለገው ሊቲየም ያለበት ፎስፌት። እንዲህ ያለው ማዕድን የሚፈጠረው ደግሞ ፔግማታይት በሚባል፣ ትልልቅ ቅንጣት ባለው የግራናይት ዘመድ ውስጥ ነው። የጨፋ ዙሪያ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ታዲያ ከየት መጣ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳት። መልሱን ሳታገኝ ግን ለመሥሪያ ቤቷ አዲስ ክምችት አለ ብላ አወጀች፤ አሁን ባዶ እጇን ከተመለሰች የሚያምናት አይኖርም።

ጅረቱን ይዘው ሽቅብ ወጡ። ስብርባሪ ባገኘች ቁጥር እርምጃዋ ይፈጥናል። ቁጥቋጦው ውስጥ ከርከሮ ተነሳባቸውና ዓዲላ ግራር ላይ ተንጠላጠለች፤ እሾሁ ክንዷን ዘነጠለው። ሙሀመድኑር ከታች በዱላ ሲከላከል እሷ ዛፉ ላይ ሆና ጉብታው አናት ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ድንጋዮች አየች። አውሬው እንደሸሸ ወርዳ ሮጠች።

«ቆይ!» ሙሀመድኑር ክንዷን ያዘ። «መቃብር ነው።»

ዘይና የምትባል ሴት ጎርፍ ያዘመማቸውን ድንጋዮች ታቀና ነበር። እንደነገረቻቸው፣ በመንደራቸው ለእናቱ ቀብር ያልደረሰ ልጅ ከነበረበት አገር ድንጋይ አምጥቶ እናቱ መቃብር ዙሪያ ያቆማል፤ እነዚህን ያመጣቸው ደቡብ አገር ማዕድን ሲቆፍር የቆየው ወንድሟ ነው። ጎርፉ ነው ስብርባሪውን ወደ ጅረቱ ያወረደው። ዓዲላ ያወጀችው ክምችት እንደሌለ ገባት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት ሙሀመድኑር።

በዚህ መሀል የማዕድን ደላላው ጀሚል ዶማ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። ወሬዋን ሰምቶ ከከሚሴ ጀምሮ ዱካቸውን ተከትሏል። ከመቃብሩ ስር ብዙ አለ ብሎ ቁፋሮ አዘዘ፤ ዘይና ፊቱ ቆመች። ዓዲላ ጎርፍ በናደው ገደል ወርዳ ከመቃብሩ ስር ያለውን አለት በመዶሻ ፈለጠችው። እንደ አካባቢው ሁሉ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ነው። ጀሚል ሳቀ።

«ክምችት አለ ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

ፊቷ በሃፍረት ተቃጠለ። ስልኳን አውጥታ ሁሉም እየሰማ ለአለቃዋ ደወለች።

«ተሳስቻለሁ። ድንጋዩን ሰው ነው ተሸክሞ ያመጣው። እዚህ ሊቲየም የለም፤ ያልኩትን ሰርዙልኝ።»

ጀሚል ምራቁን ተፍቶ ሰዎቹን ይዞ ወረደ። ዓዲላ ተንበርክካ ከዘይና ጋር ድንጋዮቹን ታቀና ጀመር። ስህተቷን ማመኑ የሰጋችውን ያህል አልከበዳትም፤ ይልቅ ያ ጥያቄ ውስጧ እንደገና ተነሳ። ወንድምሽ ይህን የቆፈረው የት ነው ብላ ጠየቀች።

«አሁን ቤት አለ፤ ራሱን ጠይቂው» አለች ዘይና። «የእናታችንን መቃብር ማን እንዳስተረፈለት እኔ እነግረዋለሁ።»