ሠላሳ አራተኛው ስም

«ቶን ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ!» አለች ሚንት ትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት ውስጥ፣ የፒምን ስልክ በሹካዋ እየጠቆመች።

ስልኩ ላይ የክፍሉ ልጆች የቤት ስም ተዘርዝሯል። ትምህርት ሲዘጋ ሁሉም የሚለብሱት ቲሸርት ጀርባ ላይ ይታተማል፤ ዘንድሮ ለአታሚዋ የምታስረክበው ፒም ናት። ሠላሳ ሦስቱ ስሞች ማንንም አላጨቃጨቁም። ሠላሳ አራተኛው ግን እስከ አምና ቶን ነበር። ዘንድሮ ባለቤቱ ክፍል ፊት ቆማ «ሴት ነኝ፣ ናም በሉኝ» አለች።

«ናም በሉኝ ብላ የለ እንዴ?» አለች ፒም።

«ብላ? ወይ ጉድ! ‹ብሎ› በይ እንጂ!» አለችና ጂብ ከአራተኛዋ ጓደኛቸው ጋር በሳቅ ፈረሰች።

«ስሚ ፒም፣ ወይ እሱ ወይ እኛ» አለች ሚንት። «ደግሞ የአራታችን ስም ከላይ አንድ ላይ እንዳለ ይቆይ።»

ፒም የቀዘቀዘ ኑድሏን አየች። ሚንት በልታ ሳትጨርስ ከዚህ ጠረጴዛ ማንም አይነሳም፤ ሦስት ዓመት የቆየ ሕግ ነው። ባለፈው ሳምንት ናም በአጠገባቸው ስታልፍ ሚንት ድምጿን አጎርንና አስመሰለቻት። ሁሉም ሳቁ፤ ፒምም ሳቀች። ናም ዞር ብላ ያየችው ግን ሚንትን አልነበረም፤ ፒምን ነበር። አንደኛ ደረጃ እያሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጃንጥላዋን ለፒም የምታጋራት ናም ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፒምን ምግብ አልበላ ብሏታል።

ተነሳች።

«ወዴት ነው? አልጨረስኩም እኮ!»

«ብዪ፣ ማን ከለከለሽ» አለች ፒም።

ፒም ከአታሚዋ ከእትዬ ቡዋ ሱቅ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ሚንት በአራቱ የጋራ የመልእክት ገጽ ላይ ጽፋለች፦ «ናም ብለሽ ካሳተምሽ አጠገባችን ድርሽ እንዳትዪ።»

ፒም ሁለቴ አነበበችው። አለቅሳለሁ ብላ ጠበቀች። እንባ የለም! ከገጹ መውጫውን ተጫነችና እፎይ አለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረገችውን ጠባብ ጫማ ያወለቀች ነው የመሰላት። ይኸው ነው እንዴ? ስትፈራው የኖረችው ይኼን ነው? ከደጅ የተጠበሰ ሙዝ ሸተታት። ርቧታል፣ ያውም ክፉኛ።

«እትዬ፣ አንዴ ላስተካክል» ብላ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ዝርዝሩን ላከችላቸው።

እትዬ ቡዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡ። «ናም... ፒም... እህ፣ ያንቺ ስም ጠዋት ካሳየሽኝ ላይ ከላይ አልነበር? እታች ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተዛውሬያለሁ።»

«ኋላ ተሳስቼ ነው ብትዪ አልሰማሽም! ከታተመ መመለስ የለም።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለች ፒም። «ያትሙት።»