ሰባተኛው መጋዝ

ጋሽ ሀብተሥላሴ በዕቃ ቤታቸው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ከራሳቸው አጠገብ ቀይ የሞተር መጋዝና ከግድግዳው የተነቀለ ሚስማር ወድቋል። «መጋዙ ከተሰቀለበት ወድቆ መታቸው» ብለው ነበር ጎረቤቶች ለፖሊስ የደወሉት።

ኢንስፔክተር የሻረግ የሟቹ ጆሮ ግንድ ላይ ያለውን ቁስል አየች፤ ምንም አልተሰማትም። እህቷን ከቀበረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ልቅሶ ከሩቅ ሰፈር እንደሚመጣ ድምፅ ሆኖባታል። ዓይኗ ግን ሥራውን አልተወም።

ስድስት መጋዞች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሟቹ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መጋዝ መሰብሰብ የጀመሩት ዓምና ነው። ወለሉ ላይ ያለውን አንስታ ወዘወዘችው። ውስጡ ቤንዚን ተንቦጫቦጨ።

የመጋዝ መለዋወጫ የሚሸጥላቸውን ሱሀይብን አስጠራችው።

«ሲጀምሩ ምን አስተማርካቸው?»

«ብዛት አያታልልዎት፣ መጀመሪያ አንዱን አስነስተው ይወቁት አልኳቸው። ጓንት ሳያጠልቁ እንዳይነኩ። ከመስቀላቸው በፊት ቤንዚኑን እንዲደፉ፣ ሰንሰለቱን እንዲያላሉ።»

«ይደፉ ነበር?»

«አንድ ቀን አልዘነጉም። ደግሞም የቆመ ዛፍ ቆርጠውባቸው አያውቁም፤ የሚቆርጡት የወደቀ ግንድ ነው።»

የሟቹ ባለቤት እትዬ በዛወርቅ በር ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ የእንሰት ጭማቂ ደርቋል።

«ጓሮ እንሰት ስፍቅ ነበር። ለምሳ ልጠራቸው ስገባ ነው ያገኘኋቸው።»

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እሳቸው ጋ። ሌላው ጓደኛቸው አብነት ጋ። መሰብሰቡን አብረው ነው የጀመሩት።»

አብነት ከለቀስተኛው መካከል መጣ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጥርሴን አሞኝ።»

የሻረግ የእጁንም ጀርባ አየች። እሱም አብጧል።

ወደ መጋዙ ተመልሳ እጀታው ላይ የተጣበቀውን እርጥብ ሰጋቱራ በጥፍሯ ፈለቀቀች። ሚስማሩንና የሥራ ጠረጴዛው ላይ የተገጠመውን የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳውን፣ በመስኮቱ ብርሃን መረመረች። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ዕቃ ቤቱ ጠራቻቸው። አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኗል።

«ይህ ሚስማር በክብደት ቢነቀል ይጎብጥ ነበር» አለች ድምፅዋን ሳትቀይር። «ቀጥ ያለ ነው፤ ራሱ ላይ የጉጠት ጥርስ ምልክት አለበት። መጋዙ አልወደቀም፤ የወደቀ እንዲመስል የተደረገ ነው። የሞርሳው ጫፍ ላይ ደግሞ ደም አለ። ጋሽ ሀብተሥላሴን የመታቸው እሱ ነው፤ ሰው ገፍቷቸዋል።»

«ማን?» አሉ እትዬ በዛወርቅ።

«መጋዙን ጫካ የወሰደው። ቤንዚኑ አልተደፋም፣ ሰጋቱራው አልደረቀም፤ ዛሬ ጠዋት ዛፍ ተቆርጦበታል። ሰጋቱራውን ያጣበቀው የማር ሰፈፍ ነው። ዛፉ ላይ ቀፎ ነበር። ሱሀይብ ቁልፍ የለውም። እትዬን ንብ አልነደፈቻቸውም። ጥርስ የእጅን ጀርባ አያሳብጥም፣ አብነት።»

አብነት ወለሉን አየ።

«ማንኪራ ጫካ፣ የቡናዬ ዳር ያለች፣ መቁረጧ የተከለከለ አንዲት ዋንዛ ናት» አለ። «ለቤቴ በር ነበር። መጋዙን ስመልስ አገኙኝ። ለደን ጽሕፈት ቤት እናገራለሁ አሉ። እጄን ያዙኝ፤ ገፋኋቸው።»

«ወዲያው ሞቱ?» ጠየቀች የሻረግ።

«አይ። ትንሽ ቆዩ። እጃቸውን ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ መተንፈስ እስኪያቆሙ።»

እትዬ በዛወርቅ ቀስ ብለው ዞሩ።

«እኔ እኮ ጓሮ ነበርኩ፤ ጠርተኸኝ ቢሆን እሰማህ ነበር» አሉት።

የሻረግ የአብነትን ቃል መዝግባ አስፈረመችው። እትዬ በዛወርቅ ከባላቸው አጠገብ መሬት ላይ ሲቀመጡ፣ ምን እንደምትላቸው ሳታውቅ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።