የወጌሻው ጥያቄ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ዝናቡ ባባራበት በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ በአንድ የመንግሥት ሐኪም ቤት ግቢ ውስጥ በኖራ የተቀባች አንዲት ጠባብ ክፍል እንግዳዋን ትጠብቃለች። የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ወጌሻና ሐኪም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሠሩ ለሙከራ ፈቅደው ነበርና፣ ዛሬ በዓይናቸው አይተው ክፍሏን ወይ ሊያጸኗት ወይ ሊያዘጓት ይመጣሉ።

ክፍሏ የተሰጠችው ሽማግሌ ወጌሻ ሙያው ከእጁ ይልቅ ምላሱ ላይ ነው እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱም እውነት አለው። የወለቀ ክንድ ሲይዝ ሕመምተኛውን በነገር ይወጋዋል፤ «ማን ገፋህ? አማትህ ናቸው?» ይለዋል፤ ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍትና ክንዱን ሲረሳው፣ አጥንቱ ቋ ብሎ ቦታው ይገባል። አብሮት የሚሠራው ወጣት ሐኪም ታዲያ «አባቴ፣ ይህ ሕክምና ነው ወይስ ጠብ?» እያለ ይስቅበት ነበር፤ ግን ይወደዋል።

ያን ዕለት የወጌሻው ሚስት ክፍሏን ልታጥብለት በማለዳ መጥታ፣ እርጥቡ ደረጃ አዳልጧት ትከሻዋ ወለቀ። ሚኒስትሩ ከነአጃቢዎቻቸው ሲገቡ ወጌሻው እጇን ይዞ ላብ አጥምቆታል።

«ለመሆኑ ስታገቢኝ ምን ታይቶሽ ነው?» አላት።

«አውቄብሃለሁ!» ብላ ትከሻዋን እንደ ግንድ አደረቀችው፤ «ዕድሜ ልኬን ከጓዳ ሆኜ ስሰማህ ኖሬ፣ እኔን ልታታልል? እንዳትስበኝ!»

ሚኒስትሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ «የተባለለት ሙያ ይኸው ነው?» አሉ።

ወጌሻው ለክፍሏ ፈራ፤ ለሚስቱ ግን አብልጦ ፈራ፤ እንዲህ እንደ ደረቀች ቢስባት አጥንቷ እንደሚሰበር ያውቃል። ስለዚህ በሹማምንቱ ሁሉ ፊት እጁን ከትከሻዋ አነሣ።

«ልጄ፣ ይህችስ ከእኔ በላይ ናት» አለው አጠገቡ የቆመውን ሐኪም፤ «ያንተን መድኃኒት ስጣት።»

«እኔ ላስተኛት፤ እርስዎ ይመልሱላት» አለና ሐኪሙ ማደንዘዣውን አስሸተታት።

ሰውነቷ ሲላላ ወጌሻው ክንዷን ያዘ፤ እንደማትሰማው እያወቀ፣ ልማድ ሆኖበት፣ «ስታገቢኝ ምን ታይቶሽ ነው?» ብሎ በቀስታ ጠየቃትና ሳበ። ቋ አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«እጅህ ነዋ የታየኝ» አለችው በተኮላተፈ አፍ፤ «ምላስህንማ ማን ወዶት!»

ሚኒስትሩ ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ክፍሏም ጸናች።

በበሩ ላይ የተለጠፈው እብነ በረድ የሚኒስትሩን ስም ብቻ ይዟል፤ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ «ከእኔ በላይ ናት» ማለቱን የጻፈ የለም። ብቻ ወጌሻውም ሚስቱም ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ የዚያ ሐኪም ቤት ሐኪሞች በማደንዘዣ የተኛን ሰው ክንድ ከመሳባቸው በፊት አንድ ነገር ይጠይቁታል፤ ለምን ሲሏቸው፣ ከታላላቆቻችን ያየነው ነው ይላሉ።