ስንተኛ ላይ ነሽ?

በመንጃ ማሠልጠኛው ግቢ የአንጋፋውን አሠልጣኝ እውነተኛ ስም የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስልም። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም የሚጠራቸው «ጋሽ ጆሮ» እያለ ነው። እሳቸውም አይከፋቸውም፤ እንዲያውም ሲጠሩበት ደረታቸው ከፍ ይላል። እንዴት አይበል! ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአጥር ውጭ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ፣ «ይሄ ሰውዬ ማርሽ መቀነስ ሲገባው እየጎተተ ነው፤ ሞተሩን ሊገድለው ነው» የሚሉ ሰው ነበሩ። ከእጃቸው የወጣ ሠልጣኝ በፈተና ቀን ማርሽ ሲያንገጫግጭ ታይቶ አይታወቅም።

ታዲያ አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበራቸው። የማርሽ እጀታው አናት ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ራሳቸው ቆዳ ሰፍተው ሸፍነዋቸዋል። ሠልጣኙ ወደ ታች አየት ካደረገ አለቀለት። «ቀና በል! መንገዱ ያለው ጉልበትህ ላይ ነው እንዴ? ማርሽ የሚታየው በጆሮ ነው!» ይላሉ። ደግሞም በየመንገዱ ሠልጣኙ ሳያስበው «ስንተኛ ላይ ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ከተሳሳተ የዚያን ቀን የሚወርደው የስድብ ናዳ ሌላ ነው። ሠልጣኞቹ ሲማሩ ይፈሯቸዋል፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ከያዙ በኋላ ግን «እኔን ያስተማሩኝ ጋሽ ጆሮ ናቸው» እያሉ አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ።

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያ የተመሰገነ ጆሮ ከከዳቸው ሰነባብቷል። በአንድ ጊዜ አይደለም የከዳቸው። መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋ። ቀጥሎ የፍሬቻው ቲክታ ጠፋ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ ይጮኻል፣ እሳቸው ግን ልጃቸውን «ጨምሪው እንጂ» ይሏታል። በመጨረሻ የሞተሩ ድምፅ ራሱ ጥሏቸው ሄደ። አጠገባቸው ተቀምጦ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ከንፈሩን ካዩት ይሰሙታል፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ጉርምርምታ ነው።

ይህን ለማን ይናገሩት? ጋሽ ጆሮ መስማት አቃታቸው ተብሎ በግቢው ከሚወራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ይሻላቸዋል። ደበቁት። «ስንተኛ ላይ ነህ?» ማለቱን ግን አላቋረጡም። ድሮ የሚጠይቁት ለመፈተን ነበር። አሁን የሚጠይቁት ስለማያውቁ ነው። ሠልጣኞቹ ይህን በምን ያውቃሉ? እንደ ድሮው እየተንቀጠቀጡ ይመልሳሉ፤ እሳቸውም ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የጠረጠረች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ልጃቸው። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ አላት፤ ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን ሬዲዮና ስልክ አስነስታ የምትመልስ፣ እጇ የተባረከ ልጅ ናት። አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ለመኪናህ ናት አባዬ። ማርሹ ስንተኛ ላይ እንዳለ በመብራት ቁጥሩን ታሳያለች። እጀታው ሥር ትንሽ ማግኔት አስራለሁ፤ በየማርሹ ቦታ ደግሞ ማግኔቱ ሲጠጋ የሚያውቅ ሴንሰር እተክላለሁ። ሁለተኛ ስታስገባ ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ቁጥር ቦግ ይላል። መሣሪያውን ራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ጋሽ ጆሮ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ በሕግ! እኔን ማርሽ ስንተኛ እንደሆነ አምፖል ሊነግረኝ? ጨርሶ አልቆልሃል በይኛ! ይሄ ለማያውቅ ሰው ነው።»

«ሠልጣኞችህስ የሚያውቁ ናቸው እንዴ? ሊያውቁ አይደል የሚመጡት?»

«ካላወቁ በጆሯቸው ይወቁ። እኔን ማን አምፖል አብርቶልኝ ተማርኩ?»

ልጅቷ የበሉበትን ሳህን አንስታ ወደ ማጠቢያው ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው፣ በተለመደው ድምፅዋ፣ «አባዬ፣ አሁን ትሰማኛለህ?» አለች። ጋሽ ጆሮ ውሃቸውን ይጠጣሉ። «አባዬ?» ደገመች። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ዐይኗን በክንዷ ጠረገችና ሣጥኗን መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። ይህን እሳቸው ያወቁት ኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ ለመማር ተመዘገበች። እሷና ጓደኞቿ ተሰባስበው የልብስ ስፌት ማኅበር አቋቁመዋል፣ ለማኅበሩም አሮጌ የጭነት መኪና ገዝተዋል። ማን ይንዳው ሲባል ሁሉም በአንድ ቃል እሷን መረጡ። «ሹፌር ከውጭ አንፈልግም፤ የኛ ሰው ይንዳልን» አሏት። እሷም ይህን ለጋሽ ጆሮ ስትነግራቸው ኩራቷ ከፊቷ ይነበብ ነበር። እጇ ፈጣን፣ ዐይኗ ንቁ ናት፤ ማርሽ ላይ ግን ትደናገራለች። በተለይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ እጀታውን ወደ ራሷ መሳብ ትረሳና በቀጥታ ወደ ታች ታወርደዋለች። ወደ ታች ብቻ ከወረደ ደግሞ የሚገባው አራተኛ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከገበያው ጀርባ ባለው ዳገት ወጡ። ዳገቱ ሲከብድ ልብስ ሰፊዋ ፍሪሲዮን ረግጣ ማርሽ ለወጠች።

«ስንተኛ ላይ ነሽ?»

«ሁለተኛ!»

ሁለተኛ አልነበረም፤ አራተኛ ነበር። ሞተሩ አቃሰተ። ድሮ ቢሆን ገና ማቃሰት ሲጀምር፣ «ምን አባሽ አስገብተሽ ነው!» ብለው ባስተካከሏት። አሁን ግን «ሁለተኛ» ያለውን ከንፈሯን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መንገዱ አዩ። መኪናው ሲንቀጠቀጥ የመንገዱ ጉድጓድ መሰላቸው። ከዚያ ጥፍት አለ። ወዲያውም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ልብስ ሰፊዋ መሪውን ጨብጣ ደርቃለች። ጋሽ ጆሮ በእሳቸው በኩል ያለውን ፍሬን የረገጡት ስፖኪዮው ውስጥ የሚሮጡ ሰዎችን ሲያዩ ነው። ዘግይተው ነበር። የችግኝ ሻጩ ጋሪ በመኪናው ጀርባ ተመትቶ ተገለበጠ፤ የአበባው ማሰሮ ሁሉ ድቅቅ አለ። ሰውየው ዘሎ ነው ያመለጠው፣ ጉልበቱ ተልጦ ይደማል።

ሰው ተሰበሰበ። «ማን ነው የሚነዳው?» «ሴት ናት!» «ድሮም!» የሚለው ድምፅ በረከተ። ልብስ ሰፊዋ ላብ በላብ ሆና ወደ ጋሽ ጆሮ ዞረች። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ያስገባሁ መስሎኝ እኮ ነው። እርስዎም ዝም አሉኝ...»

አሁን እውነቱን የሚናገሩበት ሰዓት ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ጋሽ ጆሮ ግን የተሰበሰበውን ሰውና እጀታው የቆመበትን ቦታ አዩና፣ «አራተኛ አስገብተሽ ሁለተኛ ካልሽኝ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። የተሰበረውን ማሠልጠኛው ተካ፤ ሥራ አስኪያጁም «ይቺ ሴትዮ አትሆንም» አለ። ከዚያ ወዲያ ወደ ግቢው ብቅ አላለችም። ማኅበሩም ከውጭ ሹፌር ማፈላለግ መጀመሩ ተሰማ።

እስቲ ፍረዱ እናንተ! አንድ ሰው የራሱን ድካም ለመሸፈን ሲል የሌላውን ስንቱን ተስፋ ይቀብራል? ጋሽ ጆሮ ክፉ ሰው አይደሉም። ለዚህም ነው እንቅልፍ ያጡት። በዕረፍት ቀናቸው ግቢው ባዶ በሆነበት ሰዓት መኪናቸው ውስጥ ገቡና ሞተሩን አስነሱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ነዳጅ ሰጡ፤ ምንም የለም። ጨመሩ፤ አሁንም ምንም። እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ሲያሳርፉ ብቻ ንዝረቱ ተሰማቸው። ልጃቸው ልትወስዳቸው መጥታ ከኋላ እየተጣራች ኖሯል፤ ትከሻቸውን ስትነካቸው ነው የደነገጡት።

«አልሰማም ልጄ» አሉ። «ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አልሰማም። ያቺን ሴት እኔ ነኝ የጣልኳት።»

ልጅቷ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ፣ «አውቃለሁ አባዬ» አለች። «ጆሮህ መድከሙ ምኑ ያሳፍራል? ያሳዘነኝ ከኔ መደበቅህ ነው።»

አባትና ልጅ ተያይዘው አለቀሱ። ጋሽ ጆሮ መሀረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉና፣ «ያቺ ሣጥን አለች?» አሉ።

«ከመሳቢያው አውጥቻት ቦርሳዬ ውስጥ ናት። አንድ ቀን ትጠይቀኛለህ ብዬ ይዣት እዞራለሁ።»

በእጀታው ላይ የነበረውን ቆዳ ራሳቸው በምላጭ ተርትረው ጣሉት። ልጅቷ መፍቻዋን በጥርሷ ነክሳ መኪናው ወለል ላይ ተኝታ ሽቦ ስታያይዝ፣ እሳቸው መብራት እየያዙላት ያዩዋታል። ይህን ነገር ከምንም አንስታ የሠራችው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ደግሞ «ለማያውቅ ሰው ነው» ብለው አጣጥለውት ነበር። አንደኛ ሲያስገቡ አንድ ቁጥር ቀላ ብሎ በራ። ሁለተኛ፤ ሁለት። ኋላ ማርሽ ሲሆን ደግሞ ክብ መብራት። «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ሲጮኹ ዘበኛው ደንግጦ ከማማው ወጣ።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ለጆሯቸው ማዳመጫ ታዘዘላቸው። የሰው ንግግር ተመለሰ፣ ያ የድሮ የሞተር ጆሯቸው ግን ላይመለስ ሄዷል። ለሥራ አስኪያጁ ሁሉን ነገሩት። «ታዲያ እንዴት ሊያስተምሩ ነው?» ቢላቸው፣ መኪናው ውስጥ አስገብተው የቁጥሩን መብራት አሳዩት። ከዚያ የሚከብደው ቀረ። ወደ ስፌት ማኅበሩ ሄዱና ሴቶቹ ሁሉ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በሚያዩበት መሃል ቆሙ።

«የዚያን ቀን ጥፋቱ የሷ አይደለም» አሉ። «ሠልጣኝ ይሳሳታል፤ ስህተቱን ሰምቶ ማረም ያለበት አሠልጣኙ ነው። እኔ ጆሮዬ እንደማይሰማ እያወቅሁ ደብቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሹፌርም አታስመጡ፤ ሹፌራችሁ ይቺውና።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የማልረባ መስሎኝ ነበር» አለችና እንባዋ መጣ። ጓደኞቿ ግን ቀድመው አጨበጨቡ።

ትምህርቱ እንደገና ተጀመረ። አሁን ስድብ የለም። ልብስ ሰፊዋ ማርሽ ስትለውጥ ዐይኗን ሳትደፋ፣ መንገዱን እያየች ቁጥሩን በጨረፍታ ታያለች፤ ጆሮዋ ደግሞ በዚያ ቁጥር ሞተሩ እንዴት እንደሚዘምር ይይዛል። ሁለት ሲበራ ይሄ ድምፅ፣ አራት ሲበራ ያ ድምፅ። እየቆየ ቁጥሩን ማየቱን እየረሳችው መጣች። ያ ሁሉ ዘመን በስድብ ያስተማሩት ነገር በአንዲት ትንሽ መብራት እንዲህ ሲገባ አይተው ጋሽ ጆሮ ተገረሙ።

ከፈተናው በፊት ያቺኑ ዳገት ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ከመነሳቷ በፊት ከኪሷ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ ቁጥሩን ሸፈነችው። «የፈተናው መኪና ላይ ይሄ የለም አይደል?» አለች ፈገግ ብላ። ዳገቱ ከበደ። ፍሪሲዮን ረገጠች፣ እጀታውን ወደ ራሷ ሳበችና አወረደችው።

«ስንተኛ ላይ ነሽ?»

«ያውቁታል?»

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ጆሮ። ሳያፍሩ ነው ያሉት። «አንቺ ንገሪኝ።»

«ሁለተኛ ነዋ! አይሰማም እንዴ?» አለችና ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። ጋሽ ጆሮ ግን በሳቅ ፈረሱ። ጨርቁን ገለጥ አደረጉት፤ ሁለት ቁጥር ቀልታ ትበራለች። መኪናው ዳገቱን እንደ ቅቤ ወጣው። ጥግ ላይ ጋሪውን ያቆመው ችግኝ ሻጭ አይቷቸው ጋሪውን ወደ ውስጥ ጎተተ፤ ወጥተው ሲያልፉ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አላቸው።

ወገኖቼ፣ ዐይናችን ቢደክም መነጽር፣ እግራችን ቢደክም ምርኩዝ፣ ጆሯችን ቢደክም ማዳመጫ አለ። የሚያሳፍረው መድከም አይደለም፤ ደክሞ ሌላውን ይዞ መንሸራተት ነው። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ተከተው የቀሩትን እንዲህ ያሉ ሣጥኖች እስቲ እናውጣቸው።

ልብስ ሰፊዋ ፈተናዋን ባለፈች ዕለት የማኅበሩን መኪና እየነዳች ወደ ግቢው ገባች፤ ከኋላ የተጫኑት ጓደኞቿ እልልታቸውን ያቀልጡታል። ዘበኛው በሩን እየከፈተ፣ «ጋሽ ጆሮ፣ ተማሪዎ መጣች!» አለ።

ጋሽ ጆሮ ከልጃቸው ጎን ቆመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ መሪው ላይ ወዳለችው ልብስ ሰፊ እየጠቆሙ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጆሮ እሷ ናት» አሉ። «እኔን ከፈለጋችሁ የዚች የባለ እጅ አባት በሉኝ።»