ቀኝ የተባለው ግራ

ማርስ ላይ በተቆረቆረችው በአዲስ ቀዬ ከተማ፣ የስንዱ ዘለቀ የጠዋት ሥራ መንትዮችን ማለያየት ነበር። መንትዮቹ ሰዎች አይደሉም፤ የአንድ መድኃኒት ሁለት መልኮች ናቸው። እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ሲያዩዋቸው አንድ፣ ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ግን ለየቅል። ድብልቁ «ለይ» በሚባለው መሣሪያ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ በቱቦው የታጨቀው ዱቄት አንዱን መንትያ ያዝ እያደረገ ያዘገየዋል፤ ሌላው ቀድሞ ይወጣል። ቀድሞ የወጣው ቀኙ ወደ መርፌ፣ ግራው ወደ መጣያ ጠርሙስ ይሄዳል።

ቀኙ ግንድ ሕዋሶችን፣ ደም ሁሉ የሚበቅልባቸውን ዘሮች፣ ከመቅኔ ቀስቅሶ ወደ ደም ሥር ያወጣል። ከዚያ የለጋሹ ደም በማጣሪያ ዞሮ ሲመለስ ዘሮቹ ይለቀማሉ።

የዚያ ሳምንት ለጋሽ የከተማዋ አትክልተኛ ጋሽ ወንድይራድ ነበሩ። የሚለግሱት አይተዋት ለማያውቋት ለብዙነሽ ነው። ብዙነሽ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ናት፤ የፀሐይ ማዕበል ጨረር ሜዳ ላይ አግኝቷት መቅኔዋን አቃጥሎታል። ከአራት ሺህ ነዋሪ የገጠማት የእሳቸው መቅኔ ብቻ ሆነ። ሐኪሟ ዶክተር ኢዮሲያስ የታመመውን መቅኔ ጨርሶ አጥፍቶ አዲሱን እየጠበቀ ነው።

ጋሽ ወንድይራድ አራት ጠዋት ተወጉ። በአምስተኛው ስንዱ ደማቸውን ቆጠረች። አንድም ዘር የለም።

እንደገና ቆጠረች። አሁንም የለም። ጠርሙሱን አነሳችና ለይን ጠየቀች።

«ቀኝ፤ ንጹሕ» አለ መሣሪያው።

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰ። መርፌውን ተሳስቼ ይሆን? የሌላ ሰው ደም ይሆን የቆጠርኩት? የራሷን እጆች አገላብጣ አየቻቸው። በዚህ መሀል ዶክተር ኢዮሲያስ ደወለ።

«ስንዱ፣ ብዙነሽ ከሦስት ቀን በላይ አትቆይልኝም።»

«ምን እንደሆነ አላወቅኩም ዶክተር። ሁሉም ነገር ትክክል ነው፤ ግን ምንም የለም።»

ጋሽ ወንድይራድ ወገባቸውን ይዘው ገቡ። ለመቀመጥ ሁለት ጊዜ ሞከሩ።

«ምነው ጋሼ?»

«አጥንቴን እየቆረጠመኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው መርፌ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ትንሽ ይቆረጥማል ብለሽኝ የለ? በጠናብኝ ቁጥር ለልጅቷ ብዙ እየወጣላት መሰለኝ። ደስ እያለኝ ነበር የምታመመው።»

ስንዱ ክው አለች። እንዲህ የሚያሠቃየው ግራው ነው። ለይ ግን ቀኝ ይላል። ማንን ትመን? ሌላ ማመሳከሪያ ከምድር እስኪመጣ ስምንት ወር ነው። ግራ ተጋብታ ቆማ ሳለች ከጋሽ ወንድይራድ ጣቶች አንድ ጠረን ሸተታት።

«ጋሼ፣ ብርቱካን ነው?»

«ጠዋት ስለቅም ነበር። አንድ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ልላጥልሽ?»

«ልጣጩን ነው የምፈልገው!»

የብርቱካን ልጣጭ ዘይትም መንትያ አለው፤ ዛፉ ግን የሚሠራው ቀኙን ብቻ ነው። ምድር ላይ ይብቀል ማርስ ላይ፣ አይሳሳትም። ለይ ድሮ የተፈተሸውም በዚሁ ዘይት ነበር። ስንዱ ልጣጩን ጨምቃ ጠብታውን አስገባች።

«ግራ» አለ ለይ።

ስንዱ አሁን ገባት። ከአሥር ቀን በፊት የቱቦው ዱቄት በአዲስ ተቀይሯል። አዲሱ ዱቄት ራሱ የአሮጌው የመስታወት ምስል ኖሯል፤ አሮጌው የሚያዘገየውን አስቀድሞ፣ የሚያስቀድመውን አዘግይቷል። ለይ ደግሞ ቀድሞ የወጣውን ሁሉ «ቀኝ» እንዲል ብቻ ነው የተሠራው። መድኃኒቱ እስካሁን የተከማቸው መጣያው ጠርሙስ ውስጥ ነበር።

ስንዱ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «እንደገና ከመጀመሪያው ልንወጋዎት ነው። እምቢ ቢሉም አልፈርድብዎትም።»

ጋሽ ወንድይራድ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ጊዜ ስላልነበረ የእውነተኛው ቀኝ መጠን ተጨምሮ ተወጉ፤ በሦስተኛው ጠዋት ደማቸው በዘር ተሞላ። ለአራት ሰዓት ያህል ማጣሪያው ላይ ተኙ፤ የተለቀመው በዚያው ቀን ለብዙነሽ ተሰጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የብዙነሽ ደም ማቆጥቆጥ ጀመረ።

ጋሽ ወንድይራድ ወሬውን ሰምተው ወደ ቤተ ሙከራው መጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አሉ። «ያ የመጀመሪያው አራት ቀን ሕመም… ጭራሽ አልረዳትም?»

ስንዱ የምትመልሰውን ታውቅ ነበር። አልረዳም። ጠብታ ታህል አልረዳም። አፏን ከፈተች።

«ረድቷታል» አለች።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ዶክተር ኢዮሲያስ ግን ምንም አልጠቀማትም ብሎኛል።»

ስንዱ ፊቷ ቀላ። «ካወቁ ለምን ጠየቁኝ ታዲያ?»

«ካንቺም ልስማው ብዬ ነዋ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ። ምስጋናው ለውሸቷ ይሁን ለሌላ ነገር ስንዱ አልገባትም። መዋሸቷንም እርግጠኛ አልነበረችም። ጋሽ ወንድይራድ በአራቱም ጠዋት፣ እያነከሱም ቢሆን፣ ባይመለሱ ኖሮ በአምስተኛው የምትወጋውን ሰው ከየት ታመጣ ነበር?