የፊልጶስ ስም ከየት መጣ?

ፊልጶስ አምስት ዓመቱ ነው። ሁሉን ነገር መጠየቅ ይወዳል።

አንድ ቀን የቋንቋ መምህርት የሆነችው አክስቱ ወይንእሸት የአውሮፓን ካርታ ዘረጋችለት። በዚያ ያሉ መሪዎችን ስም እየጠራች ታስረዳው ጀመር።

«የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ትባላለች» አለች።

«ስም፣ ስም፣ ከየት መጣህ?» አለ ፊልጶስ።

«ከላቲን ቋንቋ። ትርጉሙም ‹ትንሿ ድብ› ነው።»

«ኧርርር!» ፊልጶስ እንደ ድብ አጓራ።

«የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ጆርጂያ ትባላለች።»

«ስም፣ ስም፣ ከየት መጣህ?»

«ከግሪክ ቋንቋ። ትርጉሙም ‹ገበሬ› ነው። የእኛም ጊዮርጊስ የመጣው ከዚያው ነው።»

«ሂድ በሬ! ሂድ!» ፊልጶስ ምንጣፉን አረሰ።

«የስፔኑ ንጉሥ ፌሊፔ፣ የቤልጅየሙ ንጉሥ ፊሊፕ ይባላሉ። በእኛ አገር ደግሞ…»

«ፊልጶስ! የእኔ ስም!» ብድግ አለ። «ስም፣ ስም፣ ከየት መጣህ?»

«እሱም ከግሪክ። ትርጉሙም ‹ፈረስ ወዳድ› ነው።»

ፊልጶስ ክው አለ። «እኔ እኮ ፈረስ እፈራለሁ!»

እውነቱን ነው። የጋሽ ቱፋ ጋሪ «ቋ! ቋ! ቋ!» እያለ ሲያልፍ ፊልጶስ በር ዘግቶ ይደበቃል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል» አለች አክስቱ።

«እንግዲያው መልአኩ ተሳስቷል!» ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። «ስሜ የእኔ አይደለም ማለት ነው?»

«ና፣ የኔ ጌታ። ሄደን ፈረሱን እንየው።»

ፈረሱ ዳማ ከግራሩ ጥላ ሥር ሣር ይግጣል። ጋሽ ቱፋ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ቱፋ፣ ይናከሳል?» አለ ፊልጶስ ከአክስቱ ቀሚስ ጀርባ ሆኖ።

«ማን? ዳማ?» ጋሽ ቱፋ ሳቁ። «እሱማ ፈሪ ነው! ፌስታል ሲበር ካየ ይበረግጋል።»

«እሱም ይፈራል?» ፊልጶስ ብቅ አለ።

አንድ እርምጃ ቀረበ። «ፍርርር!» አለ ዳማ። ፊልጶስ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሣር ነቅሎ እንደገና ቀረበ። መዳፉን ዘረጋ። የዳማ ከንፈር ለስላሳና ሞቃት ነበር። «ይኮረኩራል!»

በድንገት ነፋስ መጣ፤ አንድ ፌስታልም ሽው ብሎ በረረ። ዳማ በረገገ!

ፊልጶስ ግን አልሮጠም። «አይዞህ ዳማ! አይዞህ! ፌስታል እኮ ነው!»

ዳማ ጆሮውን አቀና። ቀስ ብሎም ትልቁን ግንባሩን ወደ ትንሹ ልጅ ዝቅ አደረገ።

ማታ አክስቱ ብርድ ልብሱን አለበሰችው። እጁ አሁንም ሣር ሣር ይሸታል።

«ፊልጶስ» ስትል ቀስ ብላ ጠራችው።

«አቤት!» አለ ፈረስ ወዳዱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።